የተሰባጠረ ማሳ እና የመድን ደንብ

ኢስት ፖይንት ከሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ጎን፣ በአስፋልትና በመጋዘን ጣሪያ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. ፉድ ዌል አሊያንስና የአትላንታ ሪጅናል ኮሚሽን የከተማ ግብርና ዕቅድ ለማዘጋጀት ሲነሡ በመጀመሪያ የመረጡት እርሷን ነው። ዕቅድ መሬት ሊያመቻች ይችላል፤ በማሳው ውስጥ የሚኖረውን ሙቀትና እርጥበት ግን በአብዛኛው የሚወስነው አምራቹ ዘሩን የሚያራርቅበትና ሰብሉን የሚያሰባጥርበት መንገድ ነው።

ተጠጋግቶ የበቀለ ቅጠል መሬቱን ያጠላል፤ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ትነት ይቀንሳል፣ አረምም ብርሃን ያጣል። ይኸው መጠጋጋት ነፋስንም ያግዳል። በጆርጂያ የሐምሌ ወበቅ የሌሊቱ ጤዛ ከቅጠል ላይ ሳይደርቅ ይረፍድና ለሻጋታ በሽታ በር ይከፍታል። ማራራቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የተራቆተው አፈር በአስፋልቱ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ይጨምራልና። የሚሻለው ቁመታቸው የተለያየ ሰብሎችን ማሰባጠር ነው፦ ባሚያ ወደ ላይ ሲያድግ ስኳር ድንች ከሥሩ አፈሩን ይሸፍናል፣ በመካከላቸውም አየር ይዘዋወራል።

ጌዴኦዎች ይህን ለዘመናት ሠርተውበታል። ትልልቅ ዛፎች እንሰቱን ያጠላሉ፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ይበቅላል። ዩኔስኮም መልክዓ ምድሩን በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። (የቡና ጥላ ጥቅም ለአትላንታ ኢትዮጵያውያን ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ አይደለም።)

የፌዴራሉ የሰብል መድን ግን ማሳን የሚያየው እንደ አንድ ሰብል ነው። በአብዛኞቹ የሰብል ውሎች ከሌላ ሰብል ጋር ተሰባጥሮ የተዘራ መሬት፣ በልዩ ድንጋጌ ወይም በጽሑፍ ስምምነት ካልተፈቀደ በቀር፣ መድን አይገባለትም። በዚያው የግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ደግሞ በዛፍ ረድፎች መካከል ሰብል ማልማትን በጥበቃ ተግባርነት ደረጃ አውጥቶለታል። አንዱ ክፍል የሚያበረታታውን ሌላው ክፍል ከመድን ውጭ ያደርጋል ማለት ነው።

በ2022 የሰብል ዘመን የተጀመረው ማይክሮ ፋርም የእርሻውን ጠቅላላ ገቢ ስለሚሸፍን ክፍተቱን ያጠብበዋል። ሆኖም ያለፉ ዓመታት የግብር ሰነድ ይጠይቃል፤ በባዶ ቦታ ላይ ዘንድሮ አትክልት የጀመረ ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች በቀጣዩ የእርሻ ሕግ ድርድር አንድ ነጥብ ሊያነሡ ይገባል፦ ማሰባጠር ፈቃድ የሚለመንበት ልዩ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ፣ የግብርና ባለሙያ ጉዳቱን በማስረጃ እስካላሳየ ድረስ መድን የሚገባለት መደበኛ አሠራር ይሁን።