ሻወሩ አንዴ ሲያቃጥል፣ አንዴ ሲያንዘፈዝፍ

ቅዳሜ ጧት ነው። ኬንቲሽ ታውን ውስጥ፣ ለሦስት አባወራ ከተከፋፈሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ ጣሪያው ሥር ካለው ክፍል ጩኸት ይሰማል። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት ሻወር ገብተዋል። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ቀጠነ። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ፓምፕ አጓራ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አጓራ። ወዲያው የልጅ ልጃቸው ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ሲለቅ ሻወሩ ፈላ።

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ ነገር ሊቀቅለኝ ነው!»

«እማዬ፣ ፈቀቅ በይ! አሁን ይበርዳል!»

በረደ፤ ግን በረዶ ሆነ። ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ነገሩ ምግብ ቤት ውስጥ ሲነሳ ደግሞ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ «ፓምፑ ደክሟል፣ ትልቅ ግዙ» ይላል። ሌላው «ቦይለሩ ነው» ይላል። ሦስተኛው «በርካሽ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ» ይላል። የስንት ሳምንት ደመወዝ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም፤ የደረሰውን ይገፋል። የሚደርሰው ውሃ ካነሰ ወይም አየር ከገባበት፣ ትልቅ ፓምፕ ጩኸቱን ያበዛል እንጂ ችግሩን አያጠፋም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ከመግዛት በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይቀድማል።

ቤቱ የትኛው ዓይነት ነው?

የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሲሠሩ ሻወር የሚባል ነገር አልታሰበባቸውም። የአዲስ አበባ ሰው ፍል ውሃ ይወርድ እንደነበረው፣ የኬንቲሽ ታውን ሰውም እ.ኤ.አ. በ1901 በፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሮድ ወደተከፈተው የሕዝብ መታጠቢያ ይሄድ ነበር። ሕንፃው ዛሬም ለዋናና ለስፖርት ያገለግላል። ሻወር በየቤቱ የገባው ኋላ ነው፤ የገባውም በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው አገር ቤት ከምናውቀው ሮቶ ጋር ይመሳሰላል። ጣሪያው ሥር የቀዝቃዛ ውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር አለ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚሞቅበት የመዳብ ሲሊንደር አለ። ውሃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። እያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ታንከሩ ከሻወሩ ራስ በላይ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ያለበት የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ውሃው ይቀጥንበታል። ፓምፕ፣ አገር ቤት ዲናሞ የምንለው፣ የሚገጠመው ለዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

ሁለተኛው ኮምቢ ቦይለር ያለው ቤት ነው። ታንከርም ሲሊንደርም የለውም፤ ውሃው በቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ ይመጣል። የተለመደው የሻወር ፓምፕ ከዚህ ጋር አይያያዝም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የውሃ ዕቃዎች ደንብ መሠረት፣ በደቂቃ ከ12 ሊትር በላይ የሚስብ ፓምፕ የውሃ ኩባንያውን ሳያስፈቅዱ ከመንገዱ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። ኮምቢ ባለበት ቤት ሙቀቱ የሚዋዥቀው ብዙ ጊዜ ውሃው ቀጥኖ እሳቱ ስለሚጠፋ፣ ወይም የቦይለሩ ውስጥ በኖራ ስለተያዘ ነው።

በተራ መፈተሽ

ታንከርና ፓምፕ ባለበት ቤት ፍተሻው ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀመር። የለንደን ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የሻወሩንም ራስ ይደፍነዋል። ራሱን ፈትቶ ውሃውን መልቀቅ ነው። ያለ ራሱ ውሃው ከበረታ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሮ ማጠብ ነው። የተጣመመ ወይም የታጠፈ ጎማ ካለም ይቀየር።

ፓምፑ እየተነሳ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ብዙው ፓምፕ የሚነሳው ውሃ በራሱ ክብደት ጥቂት መፍሰሱን ሲያውቅ ነው። ራሱ ከተደፈነ ወይም ታንከሩና ሻወሩ እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ፍሰቱ ስለሚያንስ ፓምፑ ይወላውላል፤ ሙቀቱም አብሮ ይወላውላል። ታንከሩ ከሻወሩ በታች ወይም እኩል ለሆነበት ቤት ሌላ ዓይነት ፓምፕ አለ፤ ሲገዛ ለይቶ መጠየቅ ያሻል።

ቀጥሎ የፓምፑ መግቢያ ነው። ሙቁና ቀዝቃዛው በሚገቡበት ቦታ ትናንሽ ወንፊቶች አሉ፤ የታንከሩ ዝቃጭና ዝገት እዚያ ይጠራቀማል። ከመነካቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከማጥፊያው ይጥፋ፤ ውሃውም ይዘጋ። መዝጊያዎቹ ኋላ ሙሉ በሙሉ መከፈታቸው ይታይ። ያረጀ መዝጊያ እጀታው እየዞረ ውስጡ ላይከፈት ይችላል። ውሃ ሳይኖር ፓምፑን ማስነሳት ደግሞ ያበላሸዋል።

ፓምፑ እያጓራ ውሃው ከተፋና ከተቆራረጠ አየር ገብቷል ማለት ነው። ሙቁ ውሃ ከሲሊንደሩ አናት፣ አየር ከሚወጣበት ቧንቧ ላይ ተቀንሶ ሲወሰድ ፓምፑ አየሩን አብሮ ይስበዋል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ፍላንጅ የሚባል ማያያዣ አለ። የሲሊንደሩ ሙቀት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይሁን። ሲበልጥ አየር ከውሃው ይለያል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ሌጂዮኔላ የሚባለው ተሕዋስ ሊራባ ይችላል።

ሽንት ቤት ሲለቀቅ ሻወሩ የሚፈላ ከሆነ ቀዝቃዛው ውሃ ተጋርቷል ማለት ነው። ለሻወሩ ከታንከሩ ለብቻው የሚወርድ ቧንቧ ያስፈልጋል። ሙቁ ከሲሊንደር፣ ቀዝቃዛው ከመንገዱ ቧንቧ ሲመጡም ግፊታቸው ስለማይመጣጠን ብርቱው ደካማውን ይረግጠዋል። ሁለቱም ከአንድ ታንከር ቢመጡ እኩል ይሆናሉ።

ውሃው ጥሩ ጀምሮ ለሦስተኛው ሰው የሚበርድ ከሆነ ግን ብልሽት ላይሆን ይችላል። የተለመደው ሲሊንደር 117 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 12 ሊትር በሚያፈስ ሻወር ከዚያ ውስጥ 7 ሊትር ያህሉ ሙቅ ነው፤ ስለዚህ ሙቁ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። መፍትሔው ተራ መያዝ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሙቀቱ አሁንም ከዋዠቀ፣ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚያመጣጥነው ቴርሞስታት ያለው መቀላቀያ በኖራ ተይዟልና ይጸዳ ወይም ይቀየር።

ማን ይክፈል?

በ60 ዲግሪ ውሃ የሕፃንና የአዛውንት ቆዳ በጥቂት ሰከንዶች ይቃጠላል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1985 የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11፣ ከሰባት ዓመት ላነሰ ኪራይ፣ የቤቱን የውሃ፣ የመታጠቢያና የውሃ ማሞቂያ ተከላ የመጠገን ግዴታ የአከራዩ መሆኑን ይደነግጋል። ተከራዩ ራሱ ገዝቶ የገጠመው ፓምፕ ግን የራሱ ኃላፊነት ነው። አቤቱታው በስልክ ብቻ አይቅር፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂው ይቀመጥ፣ ፎቶ ይያያዝበት። አከራዩ ዝም ካለ ወደ ካውንስሉ መሄድ ይቻላል፤ ኬንቲሽ ታውን በካምደን ሥር ነው። ኪራይ መከልከል ግን ቤት ሊያስለቅቅ ስለሚችል አይመከርም። ቦይለሩን የሚነካው ጋዝ ሴፍ ላይ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው፤ «የማውቀው ልጅ» ካርዱን ያሳይ።

በዚያ ቤት የተገኘው ይኸው ነበር። የሻወሩ ራስ በኖራ ተደፍኗል፤ ቀዝቃዛው ቧንቧ ከሽንት ቤቱ ጋር ተጋርቷል። ራሱ በአንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ ጸዳ። ስለ ቧንቧው ለአከራዩ ደብዳቤ ተጻፈ። ሠራተኛ መጥቶ ለብቻው መስመር እስኪዘረጋ ድረስ ሽንት ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፦ «እማማ ሻወር ውስጥ ናቸው፤ ውሃ አይለቀቅ»።

አዲስ ፓምፕ አልተገዛም።