ፊት ለፊት የማይወራ ሱስ

ልጅዎ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ ጃኬቱን ሲሰቅሉለት የሲጋራ ሽታ ሸተተዎት እንበል። ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን ወይ ቤቱን በጩኸት እንቀውጠዋለን፣ ወይ እንዳላየ እናልፋለን። እኔ በእህቴ ልጅ ላይ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ስጮህበት "በእናቴ ሞት አላጨስም" ብሎ ማለልኝ። ዝም ስለው ደግሞ ማስቲካና ሽቶ ኪሱ ውስጥ መያዝ ጀመረ።

በመጨረሻ ጻፍኩለት። በቴሌግራም አይደለም፤ እዚያ ማንበቡን የሚያሳየው ምልክት ራሱ "ለምን አልመለስክም?" ይላል። በኢሜይል ነው የጻፍኩት። ስለ ሳንባ ካንሰር አንድም ቃል አላነሳሁም፤ እሱን ፓኬቱም ይነግረዋል። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከቀኑ ሲጋራዎች የትኛዋን መተው ይከብድሃል?" በአራተኛው ቀን ረጅም መልስ መጣ። ፊቴን ሳያይ ሲጽፍ መዋሸት አላስፈለገውም መሰለኝ።

በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ በሥርዓት ፈትሸውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። 517 የሚያጨሱ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። የአንደኛው ቡድን አባላት ለተማሪ ሕይወት የተዘጋጀ የኢንተርኔት መጽሔት በየሳምንቱ ያነባሉ፤ እንደነሱው ተማሪ የሆነ ሰውም ለእያንዳንዳቸው ኢሜይል ይጽፍላቸዋል። በ30ኛው ሳምንት ላይ "ባለፉት 30 ቀናት አላጨስኩም" ያሉት ከዚህ ቡድን ከመቶ 41፣ ከሌላው ቡድን ደግሞ ከመቶ 23 ነበሩ። ስድስት ወር ሙሉ ሳያጨሱ የቆዩት ሲቆጠሩ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹ የቆረጡት በመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይሆን ከብዙ ሳምንታት ጽሕፈት በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ኢሜይል ልከው "ይኸው፣ አልሰማም" አይበሉ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። የከበደችው ሲጋራ ከጫት ጋር የምትጨሰው ነበረች። ለፈተና ሲያጠኑ ጫት ይይዛሉ፤ ከጫቱ ጋር ሲጋራው ይመጣል። ስለዚህ ሲጋራውን ብቻ ተወው ማለት ትርጉም አልነበረውም። ስለ ጥናት ሰዓቱ፣ አብረውት ስለሚያጠኑት ልጆች፣ ስለ እንቅልፉ ተጻጻፍን። (በአዋጅ 1112/2011 ሲጋራ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። እሱ ግን በ19 ዓመቱ ከግቢው በር ፊት ለፊት በፍሬ ነው የሚገዛው።)

ባቆመ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ጻፉለት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ከባድ ናቸው፤ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል። አምሮቱ ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ተነስቶ ውኃ መጠጣት ወይም ግቢውን አንድ ዙር መዞር ይበቃል። ይህን አስቀድሞ ካወቀ ይጠብቀዋል። ከእንቅልፉ ሲነሳ ወዲያው የሚያጨስ ከሆነ ግን ሱሱ ጠንክሯልና ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ያማክር።

ደግሞ ያጨሳል። የእኔው በ11ኛው ቀን "አንድ ፍሬ አጨስኩ" ብሎ ጻፈልኝ። ጣቴ "አላልኩህም!" ብሎ ሊጽፍ ምንም አልቀረውም። ደመሰስኩትና "የት ነበርክ? ከማን ጋር?" አልኩት። ልደት ላይ ነበር። በነጋታው ቀኑን እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመረ።

ትናንት ማታ "አክስቴ፣ ዛሬ 19 ሞላኝ። ፈተና ሰኞ ይጀምራል፣ ልጆቹ ጫት ሊይዙ ነው" የሚል ኢሜይል ደርሶኛል። ይህን ጽሑፍ እንደላክሁ መልስ እጽፍለታለሁ።