ማስመለስና ማገገም

ባለፈው እሑድ ሮም ውስጥ፣ ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ከአንድ ወጣት የአገሬ ልጅ ጋር ተቀምጬ ነበር። እኅቱ ካናዳ ልትወስደው ማመልከቻ አስገብታለችና እንግሊዝኛ ያጠናል። «ጋሼ፣ ‹ሪከቨር› የሚባለውን ግሥ መዝገበ ቃላቱ ‹ማስመለስ› ይለዋል፤ ‹ማገገም›ም ይለዋል። የትኛውን ልያዝ?» አለኝ።

«ሁለቱንም» አልኩት። እንግሊዞች የተወሰደበትን ላስመለሰውም፣ ከሕመሙ ላገገመውም አንድ ግሥ ይበቃቸዋል። የኛው «ማስመለስ» ደግሞ የራሱ ምሥጢር አለው፤ የዋጡትን መትፋትም ነው።

ከቲቡርቲና በሜትሮ ተሳፍሮ ቺርኮ ማሲሞ የወረደ ሰው፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ያገኛል። ፋሽስት ጣልያን ሐውልቱን የዘረፈችው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በ1947 በፓሪስ በፈረመችው የሰላም ውል፣ በአንቀጽ 37፣ የዘረፈችውን በ18 ወራት ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። ሐውልቱ ግን አክሱም የገባው በሚያዝያ 2005 ነው፤ በቦታው ቆሞ የተመረቀውም በ2008። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ፈጀ! እሱም ቢሆን ኢትዮጵያውያንና እንደ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ያሉ ወዳጆቻቸው ሳይታክቱ ስለወተወቱ ነው። መመለስ የወሳጁ ሥራ ነው፤ ማስመለስ ግን የባለቤቱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ከወረራው ዘመን ጀምሮ ጣልያን የቆየችው «ፀሐይ» አውሮፕላንም በ2024 ተመለሰች። እሰየው ነው። ግን አገገምን ወይ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝባችን ሲጨፈጨፍ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲረሸኑ፣ አገር ገዢው ግራዚያኒ ነበር። ከሮም በስተ ምሥራቅ ባለችው አፊሌ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። ዕቃውን ተረክቦ ስለ ደሙ ዝም ያለ ሕዝብ ቁስሉን በጨርቅ ሸፈነው እንጂ አላገገመም።

ልጁ ደብተሩን ዘግቶ «ታዲያ ጋሼ፣ እኛስ አገራችንን የምናስመልሰው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እስኪመልሱልን ከጠበቅን የሚሆነውን ሐውልቱ አሳይቶናል» አልኩት። «ከጠየቅን ግን፣ እርስ በርሳችን ያደረግነውንም ሳንሸፋፍን ከተነጋገርን፣ የግሡ ሁለት ትርጉሞች አብረው ይደርሱናል።»

ቸር ይግጠመን።