ከሠርጉ በኋላ ማን ይጠይቃታል?

በምዕራብ ጎጃም ያለዕድሜ ጋብቻ ሙግታችን ሠርጉ ላይ ያበቃል። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ ዕድሜ ያከራክራል፤ ድግሱ ካለፈ ጠያቂ የላትም። ለእኔ ግን የሕይወቷ ከባዱ ቀን የመጀመሪያ ምጧ ነው።

ሴት ልጅ ቁመቷ ማደጉን ካቆመም በኋላ ዳሌዋ መስፋቱን ይቀጥላል። በ15 ዓመቷ የምታምጥ ልጅ ምጡ ሊታገትባት ይችላል፤ ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሕፃኑን ልታጣ፣ እሷም ለፌስቱላ ልትዳረግ ትችላለች። ከ35 ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ለምታረግዝም ደም ግፊት፣ ስኳርና የቀዶ ሕክምና ዕድል ይጨምራል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ያልጠናው ገላ ነው።

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከልክሏል። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮጀክት አሳይቶናል። ልጃገረዶች የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጣቸው፤ ሳያገቡ ለቆዩትም በግ ወይም ፍየል ተሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ፤ ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ጨመረ። ሠርጉ ተገፋ እንጂ አልቀረም።

ተስፋ የሚሰጠው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል የወለዱ ወይም ያረገዙ በአገር ደረጃ 13 በመቶ ሲሆኑ በአማራ ክልል 8 በመቶ ነበሩ። ጋብቻ ቀድሞ በሚመጣበት ክልል ወሊድ መዘግየቱ ያለ ወሊድ መቆጣጠሪያ አይታሰብም፤ በየቀበሌው የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋና አምቡላንስ ሲቆም አደጋ ላይ የወደቀው ይኸው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋም ልጅቱን ከእጮኛ የሚያስጥላት ምክንያት ይጠፋል።

ወሊዱ እንዲዘገይ «ቶሎ ካልወለደች መካን ናት» የምትለውን አማት የሚመልስ ባል ያስፈልጋል፤ ባልን የሚያሳምን ደግሞ ቄስና ሽማግሌ። አንዴ ካረገዘች ደግሞ የመጀመሪያ ልጇ ነውና ምጥ ሳይጀምራት ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ትግባ። ቃሬዛ ተሸክሞ መሮጥ የዘገየ ደግነት ነው። ተፋላሚ ወገኖችም ለአምቡላንስ መንገድ ይክፈቱ፤ ምጥ የተኩስ አቁም አይጠብቅም።