ጌታ የሚቆጣበት ጨዋታ

ሰሞኑን በመምህራን ክበባችን ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን፣ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባዬ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «ዶክተር፣ ኳስ በዱላ ለሚመታ ሰው 765 ሚሊዮን ዶላር! ዓለም አላበደችም ትላለህ?» አሉኝ። በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ነቀነቅሁ። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ የሚያልቅበት መምህር ከዚህ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን በራሴ አፈርሁ። ምክንያቱን ላስረዳ።

የነገሩ መነሻ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ የሆነው የቤዝቦል ተጫዋች ሁዋን ሶቶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የተስማማበት የ15 ዓመት ውል ነው (ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በአማካይ በዓመት 51 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል ተዋውሎ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ከ2034 እስከ 2043 ባሉት ዓመታት ነው።

ቁጥሮቹ በእርግጥ ያስደነግጣሉ። ነገር ግን ባልደረባዬ አንድ ጥያቄ ዘለሉ። ለመሆኑ ይህ ገንዘብ ለተጫዋቹ ባይከፈል ኖሮ የት ይሄድ ነበር? ለነርሷና ለመምህሩ ይከፋፈል ነበርን? በፍጹም። ተመልካቹ ለትኬት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያውም ለስርጭት መብት የከፈሉት ገንዘብ በክለቡ ባለቤት ካዝና ይቀር ነበር። ስቲቭ ኮኸን ሜትስን በ2020 ሲገዛ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። በክበባችን ግን የእርሱን ስም ያነሣ አልነበረም። ባለሀብቱ ሲበለጽግ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለናል፤ ሠራተኛው ድርሻውን ሲያስከብር ግን ዓለም ያበደች ይመስለናል።

«በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» ይባላል በአገራችን። ጭሰኛውና ባላባቱ ዱላ ይዘው እኩል የሚጋፉበት ቀን ነውና። በአሜሪካው የዱላና የኳስ ጨዋታ ግን ጌታ ነበረ፤ ይቆጣም ነበር። እስከ 1975 ድረስ አንድ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅ እንኳ ወደ ፈለገው ክለብ መሄድ አይችልም ነበር። ክለቡ እንደ ዕቃ ይይዘዋል፣ ይለውጠዋል፣ ይሸጠዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1922 ቤዝቦልን ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ውጭ በማድረግ ለባለቤቶቹ ጋሻ ሆኗቸዋል።

በ1969 የሴንት ልዊስ ካርዲናልስ ክለብ ለ12 ዓመታት ያገለገለውን ጥቁር አሜሪካዊ ከርት ፍለድን ሳያማክር ወደ ፊላደልፊያ ለወጠው። ፍለድ ግን የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት እንዳልሆነ ለሊጉ ኮሚሽነር ጽፎ ፍርድ ቤት ቆመ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። የተጫዋችነት ዘመኑም በዚሁ ሙግት ሳቢያ አከተመ። ይሁንና ከጀርባው ቆሞ የነበረው፣ ማርቪን ሚለር የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ተስፋ አልቆረጠም። በዲሴምበር 1975 የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትስ ለአንዲ መሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ፈረደ፤ ሰንሰለቱም ተበጠሰ። ዛሬ ሶቶ የሚፈርመው በዚያ ትግል በተከፈተው በር ገብቶ ነው። በሩን የገፋው ፍለድ ግን ከፍሬው አልቀመሰም።

ማኅበሩ ነቀፋ የለበትም አልልም። ለአሥርት ዓመታት በታችኛው ሊግ የሚደክሙትን ወጣቶች ከደጅ ትቷቸው ኖሯል። በ2018 የአሜሪካ ምክር ቤት እነዚህን ወጣቶች ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ሕግ ጥበቃ ሲያስወጣቸው የሚሟገትላቸው ማኅበር አልነበራቸውም። በ2022 እንኳ ከዝቅተኞቹ እርከኖች በአንደኛው የሚጫወት ልጅ በዓመት የሚያገኘው 11,000 ዶላር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ማኅበሩን ተቀላቀሉ፤ በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያ የኅብረት ስምምነታቸው ክፍያው 26,200 ዶላር ደረሰ። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ኳስ መምታቱን አልተማሩም፤ የተማሩት አብሮ መደራደርን ነው።

መቆጣት የፈለገ ሰው የሚቆጣበት አያጣም። በ2023 የኔቫዳ ግዛት ለአንድ የቤዝቦል ክለብ ስታዲየም ማሠሪያ እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ፈቅዳለች። ይህ በፈቃዱ ትኬት ከሚገዛ ተመልካች የተገኘ ሳይሆን፣ ጨዋታውን አይቶ ከማያውቀው ሰው ጭምር የሚሰበሰብ ነው።

ወደ ክበባችን ልመለስ። እኛ መምህራን የቀናነው በሶቶ ደመወዝ ነው፤ ልንቀና የሚገባን ግን በማኅበሩ ነበር። እያንዳንዳችን ለየብቻችን የአለቃ በር እያንኳኳን እንለማመጣለን። የተከለከልነው እንደሆነም በጓደኛችን ዕድገት እንብሰለሰላለን። ከዚያም ሻይ ይዘን፣ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ ሠራተኛ ድርሻውን በማስከበሩ ዓለም አብዳለች እንላለን።

ለባልደረባዬ የምመልሰው በአንድ ጥያቄ ነው። ነገ ከመካከላችን አንድ ከርት ፍለድ ቢነሣ አብረነው እንቆማለን፣ ወይስ ራሳችንን ነቅንቀን ሻያችንን እንጨርሳለን?