«ምርጥ»? መራጩ ማነው?

ጊደር መጋላ ወርዳችሁ ፍላሽ አስጭኑ። በጥቂት ብር «ምርጥ የድሮ ዘፈኖች» የሚል ፎልደር ይሞላላችኋል። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት የግማሾቹ ዘፋኞች ስም የለም። ኪቦርዱን ማን ተጫወተው? የለም። መቼ ተቀዳ? የለም። «ትራክ 07» ይላል፣ አለቀ።

ጥፋቱ የሚጭነው ልጅ አይደለም። እሱ የተጠየቀውን ነው የሚሸጠው። ጥፋቱ «ምርጥ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ምርጥ ባለበት ሁሉ መራጭ አለ፤ መራጭ ባለበት ደግሞ የተጣለ አለ። ስለተጣለው ግን ማንም አይጠይቅም።

ትልቁን ምሳሌ ውሰዱ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ስብስብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ውለታው አይካድም። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ የሰማው ዓለም መንገዱን ያገኘው በዚያ ስብስብ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቁጥር «ወርቃማ ዓመታት» ብሎ ያጠረው ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ነበር። ያ አጥር አልፈረሰም። ዛሬም ብዙ ሰው ወርቁ ከደርግ መምጣት ጋር አብሮ አለቀ ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት፣ የኪቦርድና የድራም ማሽን ዘመን «ውድቀት» ተባለ።

«ኪቦርድ ነፍስ የለውም» ይላሉ። እስቲ ይታሰብ። ሰዓት እላፊ የምሽት ክበቡን ሲዘጋ፣ ትልቅ ባንድ ማቆየት ሲከብድ፣ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሠርግ ሙሉ ሲያስጨፍር ያደረ ጊዜ፣ ነፍሱ የማን ነበረች? የማሽኑ? ጀርመኖቹ ክራፍትወርኮች በማሽን ሲጫወቱ «ፈር ቀዳጅ» ተባሉ። በ1991 የቆዩ ሥራዎቻቸውን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው እንደ አዲስ ሠርተው «ዘ ሚክስ» ብለው አወጡ። መራጩም ተመራጩም እነሱ ነበሩ። የእዚህ አገር ኪቦርዲስት ግን ስሙ እንኳ ፎልደሩ ላይ አልተጻፈም።

ኃይሉ መርጊያን ተመልከቱ። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ታክሲ ነዳ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው የውጭ ጋዜጦች አደነቁት፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። «ውድቀት» በተባለው ዘመን የተሠራ፣ በድራም ማሽን የተቀዳ ሙዚቃ ነው ይሄ! የዳነውም ማንም «ምርጥ» ብሎ ስለመረጠው ሳይሆን ካሴቱ ከነሽፋኑ፣ ከነስሙ ስለቆየ ነው።

አሁን ወደ ሐረር። በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በሌሎችም ቋንቋዎች የዘፈነው የድሬዳዋው አሊ ቢራ እንኳ «ኢትዮፒክስ» ላይ ተራ የደረሰው በ28ኛው ቁጥር ነው። አሊ ቢራ 28ኛ ከሆነ፣ የጀጎል ሠርግ ላይ በሐረሪ የዘፈኑት ስንተኛ ሊሆኑ ነው? መራጭ ከሩቅ ሲመጣ የሚደርሰው እስከሚያውቀው ድረስ ብቻ ነው።

ደግሞ «አይቻልም» የሚባል ነገር የለም። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ጥረት የእጅ ጽሑፉንም፣ የቆየውን የሐረሪ ዘፈን ቅጂም ሰብስበው ሙዚየም አቁመዋል። ያውም እዚሁ ጀጎል ውስጥ። አንድ ሰው ይህን ካደረገ፣ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ያለውን ካሴት ማዳን የሰፈር ሥራ ነው።

ስለዚህ «ምርጥ» መጠየቅ ይብቃ። ካሴቱ ሙሉውን ይገልበጥ፤ ሁለቱም ገጽ፣ ማንም የማይወደው ዘፈን ጭምር። ሽፋኑ ፎቶ ይነሳ። ዘፋኙ፣ ኪቦርዲስቱ፣ የተቀዳበት ቤት ይጻፍ። ስማቸውን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬ አሉ፤ ነገ አይኑሩ ይሆናል። ክሩም ሙቀትና አቧራ እየበላው ነው፤ በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ማዳን የሚቻልበት ጊዜ እያለፈ ነው።

ምርጫውን የልጅ ልጆች ያድርጉት። ከምን እንደሚመርጡ ግን ይኑራቸው።