የበቆሎ ቅጠል መቼ ይመልመል?

በክረምት ወራት ማሳው ሁሉ በሰብል ስለሚያዝ የግጦሽ ቦታ ይጠባል። በዚህ ጊዜ ብዙ ገበሬዎች የበቆሎ ቅጠል እየመለመሉ ለከብቶቻቸው ያበላሉ። የልማት ሠራተኛውም «ቅጠል አትመልምሉ» ብሎ ያልፋል። በእኛ አስተያየት ይህ ምክር ጎደሎ ነው። በሬው ካልበላ የሚያርስ እንደማይኖር ገበሬው ያውቃል። ስለሆነም ምክንያቱን ሳያስረዱ መከልከል ሰሚ አያገኝም። ምክንያቱ ያለው ከቅጠሉ ውስጥ ነው።

የቅጠሉ ላይኛውና ታችኛው ገጽ ሰም በለበሰ ስስ ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ሰሙ ውሃ በከንቱ እንዳይተን ያግዳል። በቆዳው ላይ በዐይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ቀን ሲከፈቱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ውሃም በተን መልክ ይወጣል። ውሃ ሲያጥር ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፤ ቅጠሉም ይጠቀለላል። በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለም የያዙ ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህም በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራሉ። በቅጠሉ ጅማት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቧንቧ አለ፤ አንዱ ከሥር ውሃና ማዕድን ያመጣል፣ ሌላው የተሠራውን ስኳር ወደ ፍሬው ያደርሳል።

በቆሎ ካበበ በኋላ በፍሬው የሚጠራቀመው ስታርች በአብዛኛው የሚገኘው በዚያው ወቅት ቅጠሎቹ ከሚሠሩት ስኳር ነው። በይበልጥ የሚያገለግሉትም ከበቆሎው ራስ አጠገብና ከዚያ በላይ ያሉት ቅጠሎች ናቸው። እነዚህ ከተመለመሉ ፍሬው ይቀጭጫል። ተክሉም በአገዳው ያጠራቀመውን ስኳር ለፍሬው ስለሚያውል አገዳው ይደክማል፤ በነፋስም ይወድቃል። እንግዲህ ለአንድ ሸክም መኖ ሲባል የሚከፈለው ዋጋ እህል ነው።

ከዚህ የተነሳ ምክራችን እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል፦

1. አስቀድሞ መኖ ሲፈለግ ቅጠል ከመመልመል ትርፍ ተክል መንቀል ይበጃል። የሐረርጌ ገበሬዎች አጠጋግተው ዘርተው እያሳሱ ከብት የሚቀልቡት በዚህ ዘዴ ነው፤ የቀረው ተክል ብርሃንና ውሃ ያገኛል። ለጋ የማሽላ ቡቃያ ግን ከብት ሊገድል ስለሚችል አይሰጥ።

2. ካስፈለገ ጥላ ያረፈባቸውና ቢጫ መሆን የጀመሩት የታችኛዎቹ ቅጠሎች ብቻ ይወሰዱ።

3. የላይኛዎቹ የሚመለመሉት ፍሬው ሲበስል ነው። ከራሱ መካከል አንድ ፍሬ አውጥቶ ከቆረቆንዳው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ መፋቅ ይበቃል። ጥቁር ነጥብ ከታየ ፍሬው መሙላቱን አቁሟልና ቅጠሉ ያለ ጉዳት ሊወሰድ ይችላል።

ይህን በቃል ብቻ ማስተማር አይበቃም። እያንዳንዱ የኅብረት ሥራ ማኅበር በአንድ ማሳ ላይ እኩል ተክል ያላቸው ሁለት መስመሮች ይለይ። አንዱ እንዳበበ ይመልመል፤ ሌላው ሳይነካ ይቆይ። በመከር ጊዜ የሁለቱም እህል በአባላቱ ፊት ይመዘን። ገበሬው ከእኛ ንግግር ይልቅ ሚዛኑን ያምናል፤ ማመኑም ተገቢ ነው።